አውሎ የተቀመጠች ለት

ልጅቱን አውሎ የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ስታልፍ መጋረጃው ተከትሏት ይሄዳል። ሻይ ቆማ ትጠጣለች፤ ከዚያ ብርጭቆዋን ታጥብና ያላለቀ የሌላ ሰው ብርጭቆ ከእጁ ነጥቃ ያንንም ታጥባለች። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ስታይ የኖረች እናቷ አንድ ነገር ደምድማለች፤ ይህች ልጅ የትም አትረጋም።

ማስረጃም ሞልቷታል። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ብቻ አውሎ ሁለት ሙያ ጀምራ ከሁለቱም ተሸኝታለች። መጀመሪያ ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ሄደች፤ ዋናውን መዝጊያ ሳትዘጋ ቧንቧ ፈታችና የሰው ሳሎን ሐይቅ ሆነ። ቀጥላ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ገባች። እሱስ ደግ ሰው ነበር፤ "ልጄ፣ ያንቺ እጅ ከመብራት ይፈጥናል፣ እኔ ደግሞ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ" ብሎ በትሕትና አሰናበታት።

ሦስተኛው ሙያ ሴራሚክ ማንጠፍ ሆነ። አስተማሪዋ የእናቷ ታላቅ እህት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ውሃልክ ይላታል፤ ወለል ዘንበል ማለቱን ያለ ምንም መሣሪያ፣ በር ላይ ቆማ ባይኗ ብቻ ስለምታውቅ። እዚህ ላይ አውሎን የሆነ ነገር ያዛት፤ ወደደችው። ጉልበቷ ተላጠ፣ ጥፍሯ ሥር ሲሚንቶ ገባ፣ እሷ ግን ማታ ቤት ገብታ የወጥ ቤቱን ወለል በጣቷ እያንኳኳች "ይኼ ሥሩ ባዶ ነው፤ ይኼም ባዶ ነው፤ ማነው እንዲህ ያለ ሥራ የሠራው?" ትላለች። ሠራተኛውን መርጣ ያመጣችው እናቷ ነበረችና ነገሩ ብዙም አላሳቃትም።

እናት ግን ለአውሎ አጎት ቃል ሰጥታ ነበር። ሰኞ አውሎ እሱ ጨርቅ ቤት ትገባለች፤ ከባንኮኒው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጨርቅ እየለካች ትሸጣለች። ወንበር የሚለውን ቃል ስትሰማ አውሎን ብርድ ብርድ ይላታል።

አክስት ጣልቃ ገባች። "አንድ ክፍል ብቻዋን ታንጥፍ" አለች ለታናሽ እህቷ። "ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ መጥተሽ በዓይንሽ እዪ። ካልጣመሽ፣ ሰኞ እኔው ራሴ እጇን ይዤ ጨርቅ ቤት አደርሳታለሁ።"

"እሺ" አለች እናት። "ግን አንድም ቦታ እንዳትነኪላት።"

ዓርብ ጠዋት ሁለቱ ገና ቀለም የሚሸት አዲስ ቤት ውስጥ ተገኙ። አክስት መታጠቢያ ቤቱን ያዘች፤ ለአውሎ ትንሿ መኝታ ክፍል ደረሰቻት፤ አንድ በር፣ አንድ ፍርግርግ ያለው መስኮት፣ አራት ጥግ።

"ምን ነበር የነገርኩሽ?" አለች አክስት።

"ሰው መጀመሪያ የሚያየው በሩ ጋ ያለውን ነው። ሙሉው ሴራሚክ በሩ ላይ፣ ቁራጩ ጥግ ውስጥ።"

"ጎሽ" አለችና አክስት ሄደች። ያን ጊዜ ጎሽ ባላለች።

ነገሩ ልክ ነው፤ የጎደለው ግማሹ ነው። ሴራሚኩ ከበሩ ተጀምሮ በደረቁ ይደረደራል፤ ልኩ ሲያዝ ይነሣና ሲለጠፍ ከመጨረሻው ግድግዳ ተጀምሮ ወደ በሩ እየተሸሸ ይመጣል። ይህን የማያውቅ አንጣፊ የለም። አውሎ ግን በደረቁ ሲደረደር ታያለች፤ መለጠፍ ሲጀመር ሁልጊዜ ግቢ ውስጥ ማጣበቂያ ስታቦካ ነው። እስካሁን የሠሩት ደግሞ ሳሎንና ኮሪደር ነበር፤ በየጎኑ በር ስላለው ከየትም ቢጀመር መውጫ አይጠፋም። ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ይነገራት ነበር። አውሎና መጠየቅ ደግሞ አይተዋወቁም።

ወጣ ገባ ማለት ጊዜ ይገድላል ብላ ሁሉን አስቀድማ አስገባች፤ ካርቶኖቹን፣ የማጣበቂያውን ከረጢት፣ ውሃውን፣ መቁረጫውን። ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተንበረከከች፤ የመጀመሪያውን ሴራሚክ በሩ ሥር አስተኛችና በጎማው መዶሻ ጠቅ ጠቅ አደረገችው። ውሃ ልኩን ስታስቀምጥበት ውስጡ ያለችው የአየር አረፋ ቀጥ ብላ መሃል ላይ ቆመች። አውሎ ደስታዋ አላስቀምጥ ስላላት ተነሥታ አንዴ ዞረችና ተመልሳ ተንበረከከች።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት። እየዘፈነች ትለጥፋለች፤ የዘፈኑ ግጥም ሲጠፋት ከራሷ ትጨምርበታለች። በየመሃሉ ትንንሾቹን የፕላስቲክ መስቀሎች ታስገባለች፣ መስመሩን አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች፣ አንዷ በፀጉር ያህል ከፍ ብትልባት ነቅላ እንደገና ታስተኛታለች። በሕይወቷ አንድን ነገር ሁለቴ ሠርታ አታውቅም፤ እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ሰባቴ ነቀለችና ሰባቴም ደስ አላት። ከኋላዋ ባዶው ወለል እያነሰ፣ ከፊቷ የሚያብረቀርቀው እየሰፋ ሄደ።

ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል ቀጣዩን ሴራሚክ ለማንሣት ወደ ኋላ ስትል መቀመጫዋ ግድግዳ መታ።

ቀና አለች። በሩ ወዲያ ማዶ ነው። ከሷ እስከ በሩ ያለው ወለል በሙሉ ተነጥፏል፤ ልቅም ያለ፣ ውብ፣ እርጥብ። የቀረው ሁለት ሴራሚክ የሚያስተኛ ቦታ ነበር፤ እሱንም እሷ ቆማበታለች።

መጀመሪያ ያሰበችው መዝለል ነው፤ ርቀቱን ለካችና ተወችው። ቀጥሎ መስኮቱን አየች፤ ፍርግርጉ መልሶ አያት። ከዚያ ሳቅ ያዛት፤ ስቅታ እስኪይዛት ሳቀች። ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ሳቁ ሲወጣላት ነው እናቷ ትዝ ያለቻት።

እናት ሰዓት አክባሪ ናት። ስምንት ሰዓት ላይ መጣች፤ እግሯን አንሥታ ልትገባ ስትል ከጥግ ድምፅ መጣ።

"እማዬ፣ እንዳትረግጪ።"

የእናት እግር አየር ላይ ቀረ። "እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እየጠበቅኩ ነው።"

"ምኑን?"

"እስኪደርቅ።"

አክስት እጇን እየጠረገች መጣች፤ አየች፤ ወዲያው ፊቷን ወደ ኮሪደሩ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"እትዬ፣ እየሳቅሽ ነው?" አለች አውሎ።

"ኧረ፣ አቧራ ገብቶብኝ ነው።"

እናት አልሳቀችም። ያው የፈራችው ነገር ፊት ለፊቷ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። "በይ ነዪ ውጪ" አለች። "አራት አምስቱ ቢበላሽ አክስትሽ መልሳ ትለጥፈዋለች። ምሳም አልበላሽም። ሽንትሽስ?"

"ስለሱ ባናወራ ይሻላል" አለች አውሎ እግሮቿን ገጥማ። "ግን አይረገጥም። መስመሩ ይሰበራል። ቢመለስም እንደ መጀመሪያው አይሆንም።"

"ማን ያውቀዋል?"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

እናት ወደ እህቷ ዞረች። "ስንት ሰዓት ይፈልጋል?"

"ቶሎ የሚደርቀው ዓይነት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳንቃ እንጥልላታለን። በሳንቃው ወጥታ የቀሩትን ሁለቱንም ትለጥፋለች።"

"ሦስት ሰዓት ሙሉ? እሷ?" አለች እናት፤ ባዶ ካርቶን ስባ በሩ ላይ ተቀመጠች። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ብትችል ነው ብላ ነው። የወለደቻትን ታውቃታለችና።

አክስት በፌስታል ዳቦ ቋጥራ በረጅሙ የአሉሚኒየም ዘንግ ጫፍ አንጠልጥላ አቀበለቻት። አውሎ ተቀብላ በላች፤ ፍርፋሪው ወለሉ ላይ እንዳይወድቅ መዳፏን ከአገጯ ሥር ዘርግታ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ቀኝ እግሯ መዝለል ጀመረ፤ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው። ዝንብ መጥቶ አፍንጫዋ ላይ አረፈ፤ እፍ አለችው እንጂ አልተነሣችም። እናት ስልኳን የምታይ መስላ ሰረቅ አድርጋ ታያታለች።

አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከየት መጣ የማይባል ድመት በኮሪደሩ እየተጎማለለ መጣ። ወደ ክፍሉ አየ፤ ወለሉ ደስ አለው። እናት ምን እንዳደረገች ለራሷም አልገባትም፤ በደረቷ ተወርውራ ድመቱን ሁለቱ እግሮቹ ደፉን ሊረግጡ ሲሉ ያዘችው።

"እረግጣለሁ ብለህ ነው?" አለችው በቁጣ። "ልጄ እኮ ነች የሠራችው።"

ድመቱ ጆሮውን አጠፈ።

እናት እንደተኛች ቀረች። ጉንጯ ወለሉ አጠገብ ነው፤ ከዚያ ሆና መስመሮቹን አየቻቸው። ከበሩ ተነሥተው፣ አንዱም ሳይንሻፈፍ፣ ልጇ እግር ሥር ድረስ ይሄዳሉ። ጫፋቸው ላይ አውሎ ጉልበቷን አቅፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ቻል አድርጋ ተቀምጣለች። እናት እንዲህ አድርጋ አይታት አታውቅም፤ ልቧ ሙልት አለ።

ድመቱን ለእህቷ አቀበለች፤ ስልኳን አንሥታ ጨርቅ ቤት ደወለች።

"ሰኞ አትጠብቃት" አለች። "አይ፣ አላመማትም። ሥራ ላይ ናት። ምን እያደረገች? ተቀምጣ።" ትንሽ አዳመጠች። "አዎ፣ እሷው፣ የኔዋ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ። አላበድኩም አልኩህ፤ ካላመንከኝ መጥተህ እይ። ግን በሩ ላይ ቁም እሺ፣ ወለሉን እንዳትነካብን።"