ያልተነካው ኮምፒውተር

አባቴ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት አጎቴ መጣና አሮጌውን ኮምፒውተር አቅፎ ሄደ። «ለወንድሜ ማስታወሻ» አለ። ጥገና የተማርኩት አባቴ ጎን ተቀምጬ በዚያ ኮምፒውተር ነው። እንዲተውልኝ ብለምነው ሳቀብኝ።

«አንቺ ነካኪ! አንቺ ጋ ከዋለ ወር ሳይሞላው ትገድዪዋለሽ። የዚህ ዕቃ ክብሩ አለመነካቱ ነው።»

ደሜ ፈላ። አለመነካቱ! አባቴ ስንት ጊዜ ከፍቶታል። እሱ የከፈተው ዕቃ ደግሞ ያስታውቃል፤ ከክዳኑ ውስጥ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ምን እንደሠራና ምን መጠበቅ እንዳለበት በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይለጥፋል።

አጎቴ የድሮ ኮምፒውተር ሰብሳቢ ነው። ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ቁም ሳጥን ደርድሮ «ብሎኑ እንኳ አልተፈታም» እያለ እንግዳ ያስጎበኛል። አንድ ቀን ጠራኝ። የአባቴ ኮምፒውተር ቀንና ሰዓት መሳት ጀምሯል። ወዲያው ገባኝ፤ ውስጡ ያለው ባትሪ አርጅቷል፣ ካልወጣ ፈሳሹ ቦርዱን ይበላዋል። ማውጣቱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካቻቢቴዬም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«መፈታት አለበት እንዴ?» አለ ጭንቅ ብሎት።

«ኧረ ጋሼ፣ እንዴት ተደርጎ! ከተፈታ እኮ ክብሩ አበቃ። እንዳለ ይተዉት።»

«አሁን ገና ሰው ሆንሽ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ቤቱ በሄድኩ ቁጥር በመስታወቱ አሻግሬ እያየሁ ባትሪውን በሆዴ «በርታ፣ ብላ» እለው ነበር።

የሰብሳቢዎች ውድድር ቀን አጎቴ እኔን አስከትሎ የአባቴን ኮምፒውተር አቀረበና ሰው ሁሉ እያየ ማብሪያውን ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ። ላብ አጠመቀው። «ነይ ክፈችው» አለኝ ድምፁ ተሰብሮ።

በዳኞቹ ፊት ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ። ቦርዱ በባትሪው ፈሳሽ ተበልቶ፣ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ አልቋል። አጎቴ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ክዳኑን ስገለብጠው የአባቴ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ጠርዙ ተበልቷል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። እዚህኛው ላይ «ለሚቀጥለው ጠጋኝ» አላለም።

«ልጄ፣ ይህ ያንቺ ነው። ባትሪውን ሳያረጅ አውጪው፤ አደራ።»

ወረቀቱን ቀስ ብዬ ላጥኩት።

«ምን ይላል?» አለ አጎቴ ከተቀመጠበት።

«ተበልቷል ጋሼ» አልኩና ኪሴ ከተትኩት። «አይነበብም።»