ደረጃው በስድስት ፍሬም

ለአርክቴክት ስጦታ እንደ መምረጥ ያለ አበሳ የለም። ሸሚዝ ብትሰጡት ቁልፉ በዛ ይላል። ሰዓት ብትሰጡት ቁጥር ለምን ተጻፈበት ብሎ ያዝናል። አበባ ብትሰጡት ማስቀመጫውን ሲያገላብጥ አበባው ይጠወልጋል። ዲዛይነር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ መጠቅለያው ላይ ቀርቶ ስጦታው ጋ ሳይደርስ ይመሻል። የንድፍ ጠባቂዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። በዚያ ቢሮ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የንድፍ መሳቢያ ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረች ሴት ስለሆነች የእያንዳንዳቸውን አመል ሸምድዳዋለች።

ስለዚህ የቢሮው ባለቤት ጠርቶ የዘንድሮን የበዓል ስጦታ አንቺ ምረጪ ሲላት ከልቧ ተቀበለች። ይህን ሰውዬ ሠራተኛው በሌለበት ጋሽ ኮንሰፕት ይለዋል። የመጸዳጃ ቤት በር እንኳ ቢገነጠል “ኮንሰፕቱ ምንድን ነው?” ሳይል አናጢ አያስጠራም። ስጦታ የሚሰጣቸው ሦስት አርክቴክቶችና ሁለት ዲዛይነሮች ነበሩ። እሷም አንድ ሳምንት ሙሉ ሳያውቁባት ስታያቸው ሰነበተች። ረጅሙ አርክቴክት ከወንበሩ ሲነሳ ወገቡን ይዞ ስለሚያቃስት ለሱ የጀርባ ትራስ አለች። ግራኟ ዲዛይነር በቀኝ እጅ መቀስ ስትታገል አውራ ጣቷ ስለቆሰለ ለሷ የግራኝ መቀስ። መነጽሩን በቀን አምስቴ ለሚጥለው የአንገት ገመድ። እንዲህ እያለች አምስቱንም በአንዲት ወረቀት ላይ አሰፈረች፤ ደስም አላት።

ጋሽ ኮንሰፕት ወረቀቷን እርጥብ ነገር እንደያዘ ሰው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አነበበ።

“እህቴ፣ ይሄ እኮ በሽተኛ ሲጠየቅ የሚወሰድ ነው” አላት።

“ትራሱ ወገቡን ያሳርፈዋል ብዬ ነው።”

“ወገብ ኮንሰፕት አይደለም። ለአርክቴክት የሚሰጠው ታሪክ ያለው፣ የሰው እጅ ያረፈበት፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው።”

አጠገቡ የተቀመጠችው፣ ስጦታውን አብራው የምታሰናዳው የውስጥ ዲዛይነር፣ ያቺ ከራስ ጸጉሯ እስከ ጫማዋ ጥቁር ብቻ የምትለብሰው፣ እስክሪብቶዋን ከአፏ አውጥታ “የድሮዎቹ የእጅ ንድፎችስ?” አለች። ሰውዬው ጠረጴዛውን መታ። ወዲያው ወደ ንድፍ ጠባቂዋ ዞሮ፣ “አንቺ የአባትሽን እጅ ታውቂያለሽ። ከሁሉም የትኛው ነው የሚያምረው?” ሲል ጠየቃት።

የንድፍ ጠባቂዋ አባት በዚያው ቢሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ድራፍትስማን ነበር። አርክቴክቶቹ በናፕኪን ላይ ጫር ጫር ያደረጉትን ወስዶ አናጢና ግንበኛ የሚያነበው ንድፍ የሚያደርገው እሱ ነው። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ያለው የእጅ ንድፍ አብዛኛው የሱ ነው። እንግዲህ ይህን ስትጠየቅ ኩራት ያልተሰማት ሴት ልጅ ካለች ትምጣና ትፍረድባት። አላመነታችም። “የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ነዋ” አለችና ራሷ ሄዳ፣ ራሷ መሳቢያውን ስባ፣ ሉሁን በሁለት እጇ ደግፋ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው።

ሉሁ የአንድ ክንድ ተኩል ትሬሲንግ ነው፤ ያ ብርሃን የሚያሳልፈው ወረቀት። በላዩ አንድ ጠመዝማዛ ደረጃ ከምድር ቤት እስከ ሁለተኛ ፎቅ በቀለም ብዕር ተሥሏል። ሠላሳ ዘጠኙ እርከኖች አንድ በአንድ አሉ፤ የእጅ መደገፊያው ከታች እስከ ላይ ሳይቆራረጥ ይወጣል። አባቷ አራት ወር ፈጅቶበታል። መሃል ላይ አንዲት መስመር ስቶ ቀለሙን በምላጭ ፍቆ፣ የሳሳውን ወረቀት በጥፍሩ ጀርባ አለስልሶ እንደገና አስምሮታል። ያቺን ቦታ ለእንግዳ ሁሉ የሚያሳየው እሱ ራሱ ነበር። ደረጃው ዛሬ የለም። ቤተ መጻሕፍቱ ፈርሶ በቦታው መኪና ይቆምበታል። ያ ሥራ ከዚያ ሉህ በቀር በምድር ላይ የቀረው ነገር የለም።

ሽማግሌው ደግሞ ዓይኑ እየደከመ ነው። አንዱ ሄዷል፤ ሁለተኛውም እንደማይቆይ ሐኪሙ ነግሮታል። ባለፈው እሑድ ልጁን እጇን ይዞ፣ “ይሄኛው ሳይሸፈን ያቺን ደረጃ አንዴ አሳዪኝ” ብሏታል። በበዓሉ ግብዣ ቀን የክብር እንግዳ ሆኖ ይጠራልና፣ “ያን ቀን መስኮቱ ላይ ዘርግቼ አሳይሃለሁ አባዬ” ብላ ቃል ገብታለታለች።

በዚያ ቢሮ ኦሪጅናል ንድፍ ከመሳቢያው አይወጣም። ማንም ሲፈልግ በትልቁ ማሽን ኮፒ ይደረግለታል እንጂ ጋሽ ኮንሰፕት ራሱ ኦሪጅናል ይዞ ሄዶ አያውቅም። ለዚህ ነው “እኛ ለፍሬም እናዘጋጀዋለን” ሲሏት ነገሩ ያልከነከናት። ስትወጣ፣ “ማሽኑ ውስጥ ስታስገቡት ቀስ ብላችሁ፣ መሃሉ ስስ ነው” አለቻቸው። ጥቁር ለባሿ ቀና ሳትል “እሺ” አለቻት።

በማግስቱ፣ የግብዣው ዕለት ጠዋት፣ ሉሁን ልትመልስ ወደ መሰብሰቢያው ክፍል ገባች። መጀመሪያ የተቀበላት የሙጫ ሽታ ነው። ጥቁር ለባሿ በአንድ እጇ የብረት ማስመሪያ፣ በሌላው የወረቀት መቁረጫ ካተር ይዛ ጎንበስ ብላለች። ስድስት ጥቁር ፍሬሞች ግድግዳውን ተደግፈዋል። በየፍሬሙ ውስጥ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ የአባቷ ደረጃ አለ። አንዱ ውስጥ አምስት እርከን፣ አንዱ ውስጥ የእጅ መደገፊያው ጫፍ፣ አንዱ ውስጥ ደግሞ ባዶ ወረቀትና አንዲት ቀስት።

ንድፍ ጠባቂዋ ወንበር ይዛ ቆመች።

“ኦሪጅናሉን ነው እንዴ የቆረጣችሁት?”

“ኮፒ እኮ ነፍስ የለውም” አለች ጥቁር ለባሿ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምጿን አለስልሳ። “ደግሞ ሙሉውን ስታዪው ይጨናነቃል። ስትቆርጪው ነው ቅንብሩ የሚወጣው። እዪው እስኪ፣ አይተነፍስም?”

“ስሙስ? ጥግ ላይ የነበረው የነዳፊው ስም?”

“እሱ ዓይን ይረብሻል። ከዚያ ውስጥ ነው መሰለኝ” ብላ በአገጯ የቆሻሻ ከረጢቱን አመለከተቻት።

ከረጢቱን ከፈተችው። የሙዝ ልጣጭ፣ የተጨማደደ ሶፍት፣ የተነከሰ ዳቦ፣ ከዚያ በታች ረጃጅም የትሬሲንግ ቁርጥራጭ። የአባቷ ስም ያለባት ትንሽ ሳጥን ከሙዙ ልጣጭ ጋር ተጣብቃለች። ስትስባት በስሙ መሃል ተቀደደች። እጇን ሰድዳ የመሃሉን፣ ያቺን የተፋቀችውን ቦታ ፈለገች። ያገኘችው ተጨማድዶ በቢጫ ሙጫ የደረቀ ድቡልቡል ነገር ነው።

“እሱ ቆሽሾ ነበር፤ የሆነ ሰው ፍቆት ሳስቷል” አለች ጥቁር ለባሿ። “ሙጫውን ጠረግንበት።”

ቋቅ አላት። በጥቁር ለባሿ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ሰውዬ ነፍስ፣ ነፍስ በሚለው አፉ፣ በዚያ ክፍል ልስን ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ነገር ካላረዱ የሚያምር በማይመስላቸው ሰዎች ሁሉ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ሉሁን ተሸክመው ያመጡት የገዛ እጆቿ መሆናቸው ነው። ወደ መታጠቢያው ሄዳ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች። ሙጫው ግን ከጥፍሯ ሥር አልወጣም።

ከዚያ ስልኳን አነሳች። ዛሬ አትምጣ፣ አሞኛል በለው፣ መኪና ተበላሽቷል በለው፣ የሆነ ነገር ልትለው ነበር። አባቷ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ አጉሊ መነጽሩን ኪሱ ከቶ እየጠበቀ ነው።

“ሉሁን አውጥተሽዋል?” አላት፣ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ።

ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ ልታፈርስ አልቻለችም።

“አዎ አባዬ፣ ወጥቷል” አለች።

ግብዣው እኩለ ቀን ላይ በዚያው ክፍል ሆነ። ቆሻሻው ወጥቶ፣ ጠረጴዛው ተጠርጎ፣ በላዩ ስማቸውን ማንም የማያውቀው ትናንሽ ምግቦች ተደርድረዋል። አርክቴክቶቹ ጣታቸውን እየላሱ ስለ ሳህኑ ቅርፅ ያወራሉ። አንዱ የወይራ ፍሬውን ዘር መዳፉ ላይ ተፍቶ “ፎርሙን እዩት” እያለ ያዞራል። ንድፍ ጠባቂዋ አባቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ ከጀርባው ቆመች። ምግብ የሚባል ነገር ወደ አፏ አልደረሰም። አባቷ ሁለት ጊዜ “መቼ ነው የምታሳዪኝ?” አላት። ሁለቱንም ጊዜ “ቆይ፣ ንግግሩ ይለቅ” አለችው።

ጋሽ ኮንሰፕት ተነሳ። ስለ እጅ፣ ስለ ቀለም፣ ዛሬ ስለጠፋው ትዕግሥት ሩብ ሰዓት ተናገረ፤ አንድ ቦታ ላይ ዕንባ ቢጤም አቀረረ። ከዚያ ፍሬሞቹ ታደሉ። አምስቱ ለአምስቱ፣ ስድስተኛው በትልቅ ጥቁር ጥብጣብ ታስሮ ለሽማግሌው። ጭብጨባው ክፍሉን አናወጠው።

ሽማግሌው ፍሬሙን ወደ ደህናው ዓይኑ አስጠጋ። አጉሊ መነጽሩን አወጣ። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለ።

“ይሄ የኔ መስመር ነው” አለ ቀስ ብሎ። “የሌሎቻችሁን እዚህ አምጡልኝ እስቲ።”

ጨዋታ መሰላቸው። እየሳቁ አመጡለት፤ ረጅሙ አርክቴክት ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ሽማግሌው ሳህኖቹን በክንዱ ገፋ አድርጎ ስድስቱን ፍሬሞች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንዱን አዞረ፣ ሌላውን ወደ ላይ አወጣ፣ የእጅ መደገፊያውን ጫፍ ከጫፍ ሊያገናኝ ሞከረ። ከታች ዘጠኝ እርከን ገጠመለት። ከላይም እንደዚሁ ጥቂት ተያያዘ። መሃሉ ግን ባዶ ነው። ጣቱን በባዶው ጠረጴዛ ላይ ከታች ወደ ላይ ሰደደው። የሚይዘው ነገር አጥቶ እዚያው ቆመ።

“መካከሉስ የት አለ?” አለ።

ረጅሙ አርክቴክት መቅረጹን አቆመ።

“እሱ ትንሽ እድፍ ነበረበት አባቴ፣ ፍሬም ውስጥ አይገባም ነበር” አለች ጥቁር ለባሿ።

“ማነው ከዚያ ሁሉ ንድፍ ውስጥ ይሄን የመረጠው?”

ጋሽ ኮንሰፕት ምስጋና የሚያካፍልበት ቀዳዳ አገኘ፤ ፊቱ በራ። “ልጅዎ ናት እንጂ! ሳታመነታ ነው ያወጣችልን። እውነቱን ልንገርዎት፣ የዚህ ስጦታ ባለቤት እሷ ናት።”

ሽማግሌው አንገቱን አዞረ። የት እንደቆመች ስለሚያውቅ መፈለግ አላስፈለገውም።

“ኮፒ የሚያደርጉት መስሎኝ ነው አባዬ” አለች። እውነቷን ነበር።

“ዛሬ ጠዋት ስትደውይልኝስ?”

ጠዋት ኮፒ አለመሆኑን ታውቅ ነበር። ደስታውን ላለማፍረስ ብላ ለብሶና ተላጭቶ እዚህ እንዲመጣ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የገዛ ደረጃውን ቁርጥራጭ እንዲደረድር አድርጋዋለች። ጥፍሯን በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር።

ሽማግሌው አጉሊ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተነሳ። ልትደግፈው ክንዱን ስትይዘው ቀስ ብሎ አወጣው፤ አልመነጨቀም። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ወደ በሩ አመራ። ጋሽ ኮንሰፕት ፍሬሙን ከነጥብጣቡ ይዞ ተከተለው።

“አባቴ፣ ስጦታዎን ረሱት እኮ።”

“አልረሳሁትም” አለ ሽማግሌው። “ለሷ ስጧት። የመረጠችው እሷ ናት።”

ሰውዬው ሰጣት። ሁሉም ያዩዋት ነበርና ተቀበለች፤ “አመሰግናለሁ” ብላም አመሰገነች።