የድንቅቱ እግር

«እግሬን አልለቀቅሁም» አለች ድንቅቱ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አጠገቧ ሰሌን ላይ የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ። ባሏ አሥራት ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሐዘን ነው ብለው አለፉት። እሷ ግን ይህን ቃል ስድስት ዓመት ስትለው ኖራለች፤ ለባሏ፣ ለቄሱ፣ ለሱሉልታ ገበያ ሁሉ። ያመናት የለም።

ወንድሟ ጎበና የሞተው በአሥራት መኪና ነው። መኪናዋ ጣሊያን ሲሸሽ ወንዝ ዳር የጣላት፣ ዶሮ የሚያድርባት ቆርቆሮ ነበረች። አሥራት አራት ዓመት ለፍቶ አስነሣት፤ እጁ እንዲያ ነበር። ፍሬኗ ብቻ አልጠና አለው። አንድ እሑድ ድንቅቱን መሪው ጋ አስቀምጦ እሱ ከሥር ገባ። «ርገጪ! ያዢው! ልቀቂ!» እያለ ከፍሬኑ ቧንቧ አየር ሲያስወጣ ዋለ። በማግሥቱ አሥራትና ጎበና የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ አለ። አሥራት ተወርውሮ ወጣ፤ ጎበና ከመኪናዋ ሥር ቀረ።

«አየር ገብቶበት ነው» አለ አሥራት በቀብሩ ላይ። «ልቀቂ ሳልላት እግሯን ለቃ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የጎበና ሚስት ገለቴ ከድንቅቱ እጅ ውሃ ጠጥታ አታውቅም።

አሥራት መኪናዋን በበሬ አስጎትቶ አመጣት፤ የተጨራመተውን አቀና፣ ቀለም ቀባት። ከግቢ ግን አላስወጣትም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንቅቱን መሪው ጋ ያስቀምጥና ከሥር ሆኖ «ያዢው!» ይላታል። እልኸኛ ናትና እግሯ እስኪደነዝዝ ትይዝለታለች። ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ይጠርግና «አሁንም አየር አለ» ይላል። ፊቷን አያይም።

አሁን እሱ ከመሬት ሥር ነው፤ ድምፁ ግን አልተቀበረም። በዳሱ ውስጥ ለቅሶው ጋብ ባለ ቁጥር ከጓሮ፣ ከመኪናዋ መጠለያ፣ «ያዢው!» ይላታል። ቀኝ እግሯ በራሱ ጊዜ መሬቱን ይጫናል። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ እንባ አልወጣትም።

ከሰዓት በኋላ የቡራዩው ጋራዥ ባለቤት ከሊፋ ለለቅሶ መጡ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ ልጄ።»

«ኦቦ ከሊፋ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ወደ ጓሮ ይምጡልኝ።»

«ኧረ የት ነው?» አለች አልቃሿ ተረፈች። «ሣልስቱ ሳይወጣ መኪናውን ልትሸጭ ነው እንዴ?»

«አንቺ አልቅሺልኝ፣ መጣሁ።»

«ፍሬኑን ይዩልኝ» ብላ ድንቅቱ መሪው ጋ ተቀመጠች። ከሊፋ ጎንበስ ብለው አራቱንም ጎማዎች ከውስጥ ዳሰሱ፤ ደረቅ ናቸው፣ ዘይት አልፈሰሰም።

«በይ ርገጪና ያዢው።»

 ረገጠች።

«ከእግርሽ ሥር እንደ ኳስ ይነጥራል?»

«አይነጥርም። መጀመሪያ ጠንከር ይላል፤ ከዚያ እግሬን ይዞ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ስድስት ዓመት እንዲሁ ነው።»

«አየር ቢሆንማ ይነጥር ነበር። የፍሬኑ ፖምፓ ውስጥ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ትንሽ ጎማ፣ ጎሚኒው ነው የሚያሳልፈው።»

ከአሥራት መሣሪያ ሣጥን ቁልፍ አንሥተው ፖምፓውን ፈቱት። ጥቁር፣ ያበጠ፣ ጠርዙ የተበላ ትንሽ ጎማ ወጣ። ከሊፋ በጣታቸው አገላብጠው አዩትና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ይህን አውቀዋለሁ። ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በመቀስ ቆርጦ የሠራው ነው። ዘይት አይችልም፣ ደህናውን እስካስመጣልህ መኪናዋን አታንቀሳቅሳት ብዬው ነበር።»

«መቼ?»

«ጎበና ከመሞቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ። ለቅሶ ስመጣ ግን ‹በማግሥቱ ቀይሬዋለሁ› አለኝ። ወላሂ፣ አመንኩት።»

ድንቅቱ ጎሚኒውን ከእጃቸው ወሰደች። የእሑዶቹ ነገር ያኔ ገባት። አሥራት ፖምፓውን አንድም ቀን አልከፈተም። ቢከፍትና ቢቀይረው ፍሬኑ ይይዝ ነበር፤ ፍሬኑ ከያዘ ደግሞ የማን ጥፋት እንደነበር አገር ያውቅ ነበር። ስለዚህ የሌለ አየር ሲፈልግ ኖረ። እሷን እላዩ አስቀምጦ።

ጎሚኒውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ዳሱ ተመለሰች። ተረፈች የአሥራትን እጅ እያወደሰች ታስለቅሳለች፤ የሞተ ብረት ያስነሣ እጅ ትላለች። ውሸት አይደለም። ድንቅቱ አፏ ድረስ የመጣውን ዋጠችና ጥግ ወደተቀመጠችው ገለቴ ሄዳ ጎማውን መዳፏ ላይ አኖረችው።

«ምንድን ነው?»

«የዚያን ቀን የመኪናዋ ፍሬን ውስጥ የነበረ። አሥራት ነው የቆረጠው። እንደማይዝ ተነግሮታል።»

ገለቴ በሩ ላይ የቆሙትን ከሊፋን ቀና ብላ አየች። አንገታቸውን ደፍተው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ዛሬ? በገዛ ለቅሶው ላይ?»

«ዛሬ ላንቺ ብቻ ነው። ከአርባው በኋላ ለአገሩ እናገራለሁ፣ ከፈለጉ ይጥሉኝ።»

ገለቴ ጣቶቿን ጎማው ላይ ጨበጠች።  ፈቀቅ ብላም ሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

ድንቅቱ ተቀመጠች። ለቅሶው ጋብ አለ። ከጓሮ ደግሞ «ያዢው!» አላት፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ከሥር ሆኖ።

መሬቱን አልተጫነችም፤ እግሯን ዘረጋችና ለአሥራት ማልቀስ ጀመረች።