ካሚዮኑ ለቅሶ ሲወጣ

«አይነሳም» አለ የካሚዮኑ ረዳት ሳልህ ራሱን ከጋቢናው አውጥቶ። «በማኑቤላም በእጄ አዙሬ ሞከርሁ። እንኳን ሞተሩ ጡሩምባውም ዝም ብሏል።»

ዳሱ ውስጥ ንፍሮ የዘገኑ እጆች አፍ ሳይደርሱ ቆሙ። ወባ የወሰደችው የአንለይ ሠልስት ነበር። ለቀስተኛው ከወረታ ተነስቶ ቁሐር ሚካኤል መድረስ አለበት፤ የሟች አባትና ዘመዱ ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ይጠብቃሉ።

ባላገር ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ተይዞ ለቅሶ ይወጣል። አንለይ ፈረስም ጠመንጃም አልነበረውም። የነበረው ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ሃያ ዓመት ያለፈው ካሚዮን ነው። ስለዚህ ሚስቱ እማዋይሽ «ካሚዮኑ ይውጣ» ብላ ነበር። የሟች አክስት ወይዘሮ ማናዬ ነገሩን አልወደዱትም፤ አሁን ደግሞ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ አሉ።

«ብረትም ጌታው ሲሞት ያውቃል ማለት ነው?»

«ኧረ የሰፈረበት ነገር ቢኖር ነው እንጂ።»

እማዋይሽ ሰማቻቸው። የሷ ጭንቀት ሌላ ነበር። አማቷ አያ ማረው ልጃቸው ጎጆ ሲወጣ ሁለት የፎገራ በሬ ሰጥተውት ነበር። አንለይ በሬዎቹን ሸጦ ይህን ካሚዮን ገዛ። «በሬ ሸጦ ብረት የሚነዳ ልጅ የለኝም» አሉ ሽማግሌው፤ ከዚያ ወዲህ ካሚዮኑ ባጠገባቸው ሲያልፍ ፊታቸውን ወደ ማሳቸው ያዞራሉ። ልጃቸው ሲታመምም አልመጡም። ዛሬ ባዶ ሜዳ ላይ ከተለቀሰለት አንለይ አባቱ እንዳሉት ከንቱ ሰው ሆኖ ይቀራል። ይህን እማዋይሽ ልትሸከመው አልቻለችም።

ተነሳች።

«ምነው ልጄ! ሐዘንተኛ ከመደቧ ትነሳለች?» አሉ ወይዘሮ ማናዬ።

«ተመልሸ እቀመጣለሁ።»

እሷና አንለይ በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት ሜዳውን ውሃ ሞልቶት ካሚዮኑ እመንገድ ላይ ቆሞባቸው ነበር። አንለይ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ባትሪውን ከካሚዮኑ አጥንት ጋር የሚያያዘውን ወፍራም ሽቦ ፈታ፤ በቢላዋ ይፍቅ ጀመር።

«ይኸውልሽ፣ ኮረንቲ መሄዱን ሁሉም ያያል፣ መመለሻውን የሚያስብለት ግን የለም። የሚመለሰው በዚህ ብረት ነው። ብረትና ብረት ገላ ለገላ ካልተነካካ ባትሪው ሙሉ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? ዝገት አይሆንም፣ ቀለም አይሆንም። ጥርስ እስኪመስል ፋቂው።»

«ለዚህ ነው እንዴ ያገባኸኝ?»

«ለዚህም ጭምር ነው» አለና መፍቻውን አቀበላት።

እማዋይሽ መፍቻና ቢላዋ ይዛ፣ የሞተሩን ክዳን አስነስታ ጎንበስ አለች። ሽቦው ከቦታው አለ፣ ብሎኑም ጥብቅ ነው። በሽቦውና በካሚዮኑ አጥንት መካከል ግን ጥቁር ጨርቅ ብሎኑን ጭምር ጠቅልሎ እጥፍ ብሎ ገብቶ፣ ጫፉ በካሚዮኑ ፊት ይውለበለባል።

«ይህን ማን አሰረው?»

የአንለይ ታናሽ ወንድም አድማሴ ቀረበ። «እኔ ነኝ እትዬ። ለቅሶ የሚወጣ ፈረስ ጥቁር ይለብስ የለ? ነፋስ እንዳይወስደው ብየ ብሎኑን ፈታሁና ከሽቦው ስር አድርጌ አጠበቅሁት።»

«አጠባበቁንስ ችለህበታል» አለችው።

ሳቋ መጣ። አንለይ ቢሰማ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር ብላ አሰበች፤ ማታ ስትነግረው ታያት። የምትነግረው ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት እንባዋ እመፍቻው ላይ ወረደ። አድማሴ መፍቻውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

ጨርቁን አውጥታ ለአድማሴ ሰጠችው፤ መስተዋቱ ላይ አሰረው። ብረቱን በቢላዋ እስኪነጣ ፋቀችው፣ ሽቦውን መልሳ አጠበቀች። «በል ሞክረው» አለችው ሳልህን። ሞተሩ አንዴ አስሎ ተነሳ። ዳሱ በለቅሶ ተናጋ።

ቁሐር ሲደርሱ ለቀስተኛው ክብ ሠርቶ ነበር። ሳልህ ካሚዮኑን ከሜዳው ዳር አቆመ፣ ሞተሩን ግን ለማጥፋት ፈራ። ሁሉም ካሚዮኑን ያያል፣ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የለም። የሟችን ፈረስ ልጓም ይዞ ወደ ክቡ የሚያስገባው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ለካሚዮን ግን ማን ምን ይያዝለታል?

አያ ማረው ዱላቸውን ተመርኩዘው ከክቡ መሀል ተነሱ። ቀስ እያሉ መጥተው ከካሚዮኑ ፊት ቆሙ። ዛሬ ፊታቸውን አላዞሩም።

«ልጓሙ ወዴት ነው?» ብለው እማዋይሽን ጠየቋት።

በጭቃ ሲያዝ የሚጎተትበትን የፊቱን ቀለበት አሳየቻቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ለአድማሴ ሰጡ፣ ጎንበስ ብለው ቀለበቱን በቀኝ እጃቸው ያዙና መራመድ ጀመሩ። ሳልህ ፍሬኑን ለቀቀ፤ ካሚዮኑ በእርምጃቸው ልክ ተከተላቸው።