የቱንቢ አረማመድ

መምህራችንን «ቱንቢ» የምንላቸው ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ነው፤ ግንበኛ ግድግዳ የሚያስተካክልበት ክር እንኳ እንደሳቸው ቀጥ አይልም። የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎችን ባዮሜካኒክስ፣ ማለትም የሰውነት አካል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ሲያስተምሩ ጤነኛ አረማመድን በሥዕል አያሳዩም፤ ራሳቸው ይራመዳሉ። የተግባር ፈተናው የመጀመሪያ ጥያቄም ይኸው ነው፤ እሳቸው ከግድግዳ ግድግዳ ይሄዳሉ፣ ተማሪው ያየውን ይናገራል።

መልሱን ከእኛ በፊት የነበሩት አውርሰውናል። ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል፣ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፣ እጅና እግር በተቃራኒ ይወዛወዛሉ። ማየት አያስፈልግም፣ መሸምደድ ይበቃል። እኔ ደግሞ ሽምደዳ አይሆንልኝም፣ አምናም የወደቅኩት በዚሁ ነው። ዘንድሮ ከወደቅኩ መሰናበቴ ነው። ጓደኛዬ በር ላይ ክንዴን ይዛ፣ «እሾህ፣ በናትሽ ዛሬ እንኳን እንደ ሰው መልሰሽ ውጪ» አለችኝ። በምላሴ የተነሳ እሾህ የምትለኝ እሷ ብቻ አይደለችም።

ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከመምህሩ በቀር ማንም የለም። አንድ የመታከሚያ አልጋ፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈ ነጭ መስመር።

«የምታዪውን ንገሪኝ» ብለው መራመድ ጀመሩ።

ግራ እጃቸው ይወዛወዛል። ቀኙ ግን ክርኑ ትንሽ እንደታጠፈ ከጎናቸው አልተነቃነቀም። የቀኝ ጫማቸው ወለሉን ይጠርጋል። ሲዞሩም እንደ ቁም ሳጥን መላ አካላቸው አንድ ላይ ዞረ። ይህን አረማመድ ሆስፒታል ስንለማመድ አንድ ታካሚ ላይ አይቼዋለሁ፤ ሰውየው ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ በሽታ ነበረበት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የተሸመደደው መልስ ምላሴ ላይ ነበር፤ ብዬው ብወጣ አልፋለሁ። ተናግሬ ከተሳሳትኩ እባረራለሁ። ካልተሳሳትኩ ደግሞ የባሰ ነው። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«ምነው? ዛሬ አፍሽ ተለጎመ?»

«መምህር፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ።»

ደገሙት። ያው ነው።

«ቀኝ እጅዎ አይወዛወዝም» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ቀጠልኩ። «የቀኝ እርምጃዎ ከግራው ያጥራል። ሲዞሩ ትከሻዎና ዳሌዎ አብረው ነው የሚዞሩት።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ከጠዋት ጀምሮ የገባው ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ ወጥቷል። እነሱ ዕውር ናቸው?»

«እነሱ ያዩት ደብተራቸውን ነው።»

ይቺ ምላሴ አንድ ቀን ጉድ ታፈላብኛለች። እስክሪብቶ አነሱ፤ ዜሮ ሊያሸክሙኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። መልሰው አስቀመጡትና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«መርምሪ።»

ክርናቸውን በቀስታ አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። ክንዱ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ነው የሚታዘዘው። እሳቸው ክንዱን ሳይሆን ፊቴን ያዩ ነበር።

«ትከሻዬን ብርድ መትቶኝ ነው ብዬ ነበር» አሉ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ፣ ውሸቴን።

«ፈተና ላይ ነሽ፤ አታባብዪኝ። ታካሚውን ምን ትመክሪዋለሽ?»

«በዚህ ሳምንት የነርቭ ሐኪም ይየው። ስፖርትም ይጀምር፤ ቶሎ ሲጀመር ይረዳል። ደግሞ ብቻውን አይሂድ።»

ወደ መስታወቱ ዞረው ቀኝ እጃቸውን አወዛወዙ። ሲያስቡበት ይሄዳል፣ ሲረሱት ይቆማል። ደጋግመው ሞከሩት። አንጀቴን በሉት።

«አልፈሻል» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። «አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ይቺኛዋ ነጥብ የላትም። ባለቤቱ የልብ ሕመምተኛ ናት። ለእሷ እንዴት ብሎ ይንገራት?»



«ይህን አልተማርንም፣ መምህር።»

«አዎ» አሉ፣ «አላስተማርኳችሁም።» አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቀጣዩ ተማሪ በሩን አንኳኳ፤ ሁለታችንም ግባ አላልነውም።