ጋቢ በአዲ አርቃይ

ነሲባ ደባርቅ ገበያ ቅመም መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመቷ ነው፤ ማንበብ ከጀመረች ግን ገና ዓመት አልሞላትም። የጎልማሶች አስተማሪዋ ሕሊና ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቃለች፦ «ቃሉንስ አነበባችሁት። ሰውየው ይህን ሲጽፍ ምን ሆኖ ነበር?» ይህ ጥያቄ የነሲባን ደም ያፈላዋል። ያልተጻፈ ነገር የማነበው ጠንቋይ ነኝ እንዴ ትላለች።

በኅዳር አንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ አዲ አርቃይ ካገባችው ልጇ ከሩመይሳ በስልክ መልእክት መጣ። ሩመይሳ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ለንግድ ከወጣ ሰንብቷል። የነሲባ ታናሽ ወንድም ሳሊም ስልኩን ነጠቀና በአንድ ትንፋሽ አነበነበው።

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ! አትምጪ ብላሻለች።»

ነሲባ ስልኩን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች ቃል በቃል ለቀመችው። «እማ፣ ደህና ነኝ፤ ጽንሱም ደህና ነው። ገበያሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። የሰጠሽኝ ጋቢ በጣም ጠቅሞኛል፤ ቀንም ከላዬ አላወርደውም።»

እዚህ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሳሊም፣ አዲ አርቃይ ቀን ጋቢ ይለበሳል?»

«እዚያ ቆላ? ሸሚዝም ይከብዳል።»

«ታዲያ ልጄ ለምን ትለብሳለች?»

«ስጦታሽን ልታመሰግን ነዋ! አንቺ ደግሞ ነገር ስትፈልጊ።»

«በጠራራ ፀሐይ የሚበርደው ወባ የያዘው ሰው ነው» አለች። ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ፈራች። ቢሆንም የዘረጋችውን ቅመም መሰብሰብ ጀመረች።

«እታለም፣ ደህና ነኝ ላለች ሰው ገበያ ይፈታል?»

«ደህና ሆና ካገኘኋት ሁለታችሁም ትስቁብኛላችሁ። እሄዳለሁ።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ከረዳቱ ጋር ተጨቃጭቃ በሩ ሥር ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሊማሊሞን ሲወርዱ ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። ሹራቧን አወለቀች፤ ጭንቀቷም የባሰው ያኔ ነው።

ሩመይሳን በቀትር ተጠቅልላ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ አገኘቻት። ምንም ሳትጠይቅ ደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ባለሙያው ደሟን መርምሮ «ወባ ነው፣ እናቴ። ነገ ቢሆን ለጽንሱም ያሰጋን ነበር» አለ።

ማታ ትኩሳቱ ሲበርድላት ሩመይሳ ዓይኗን ገለጠች።

«እማ፣ ማን ነገረሽ? ለማንም ትንፍሽ አላልኩም እኮ።»

«አንቺው ነሽ የነገርሽኝ» አለች ነሲባ፤ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የዋለችው እንባም ያን ጊዜ ወረደ።