የአበባው ጋቢና

አበባው ቀለም ቀቢው መርሳ ላይ ያልጻፈበት ግድግዳ የለም። የጸጉር ቤቱ መቀስ፣ የጁስ ቤቱ ማንጎ፣ የጥርስ ሐኪሙ ትልቅ ጥርስ የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሯል። ሰባተኛ ያልገባው አእምሮ አንሶት ሳይሆን፣ መምህሩ «ሀ»ንና «ሐ»ን ለይተህ ጻፍ እያሉ በክፍሉ ልጆች ፊት ስላሳቁበት ነው። እኚህን መምህር እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላም አይላቸውም። እሳቸው አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ሰላምታ እንደተከለከሉ እንኳ አያውቁም። አበባው ግን ሳይታክት ይከለክላቸዋል።

ከያዛቸው ቂሞች ሁሉ የከበደው ደግሞ የመኪናዋ ነው።

ነገሩ ከጦርነቱ በፊት የሆነ ነው። ከአንድ አትክልት ቦታ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር ተሰረቀ። ሌባው አበባው የሚባል ሰው መሆኑ ታወቀ። መርሳ ገበያ መሃል ቆሞ «አበባው!» ብሎ ለሚጣራ ግማሹ ገበያ ዞሮ ያየዋል። ፖሊሶቹ ግን ለምን ይድከሙ? ቅርብ የተገኘውን አበባው፣ ሥጋ ቤቱ በር ላይ መሰላል ወጥቶ በግ የሚሥለውን፣ ከነብሩሹ አውርደው ወሰዱት። ያውም በገበያ ቀን፣ ያውም ከኋላ ጭነው። የሥጋ ቤቱ በግ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባንድ ጆሮው ቀረ።

የጫነችው መኪና ሰማያዊ ፒክአፕ ናት። መርሳዎች «ሚዜ» ይሏታል፤ አንዴ ክንድህን ከያዘች ከጎንህ ንቅንቅ አትልም ለማለት ነው። የዚያን ዕለት ሚዜ ሙሽራዋን ይዛ ገበያውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃ አለፈች። የሚመዝነው ሚዛኑን፣ የሚከራከረው ክርክሩን ትቶ አያቸው።

ጀምበር ሳትጠልቅ ትክክለኛው ሌባ ከነሞተሩ ውርጌሳ ላይ ተያዘ። ያኔ ሳጅን የነበረው በላይ የጣቢያውን የጓሮ በር ከፈተና፣ «በል ሂድ፣ ተሳስተን ነው» አለው። በቃ፣ ይህችው ናት።

«ሲወስዱኝ መርሳ ሙሉ አየኝ» ይላል አበባው። «ሲለቁኝ ያየኝ አንድ አህያ ነው። እሱም ለማንም አልተናገረልኝም።»

ጣቢያው ድረስ ሄዶ ለምኗል። «ወይ በወሰዳችሁኝ መንገድ መልሱኝ፣ ወይ ገበያ መሃል ቆማችሁ ንጹሕ ነው በሉ» ቢላቸው ሳቁበት። በላይ እያደገ ኢንስፔክተር ሆነ፤ አበባውም እያደገ አኩራፊ ሆነ። ሰው ሰላም ሲለው «አዝኖልኝ ነው»፣ ሰላም ሳይለው ሲያልፍ «ሌባ ነው ብሎኝ ነው» ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው እኮ ረስቶታል» ትለዋለች ሚስቱ አለሚቱ።

«ላንቺ ሲሆን ይረሳል። ለኔ ሲሆን ያስታውሳል።»

ዘንድሮ ሚዜ ጡረታ ወጣች። ያረጀ መኪና ይሸጣል፤ ገዢ ከጠፋ ደግሞ ይለገሳል። ሚዜን የሚገዛት ጠፋ፤ ስለዚህ አለቆቿ ልባቸው ራራ። ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሎችና በሽተኞች ለሚረዳው የእትዬ ረሂማ ማኅበር «በታላቅ ደስታ» ተሰጠች ተባለ። እትዬ ረሂማ በእውነት ደስ አላቸው። ሽማግሎቻቸው ወልድያ ለሕክምና የሚሄዱት ባጃጅ ውስጥ ተጣጥፈው ነበር።

አበባው ቤት መጡና፣ «ልጄ፣ ‹ፖሊስ› የሚለውን አጥፍተህ የማኅበሩን ስም ጻፍልኝ። አላህ እጅህን ይባርከው። ምን ላድርግልህ?» አሉት።

«ጋቢና» አለ አበባው።

«ምን?»

«ከወልድያ ተረክባችሁ ስትመጡ ጋቢና ልቀመጥ፣ እትዬ። በገበያው በኩል።»

«ይኸው ብቻ?»

«መስኮቱ ተከፍቶ።»

«ወላሂ ጋቢናው ያንተ ነው!»

ከርክክቡ በፊት መኪናዋ ለቀለም ወደ ደጁ መጣች። «ደካሞችን እናነሳለን» ብሎ ጎኗ ላይ ሲጽፍ ጎረቤቱ አብዱሰመድ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ አነበበ።

«ድሮስ ስታነሳ አይደል የኖረችው?»

«ድሮ ጤነኛውን ነበር። አሁን ደካማውን ነው» አለ አበባው ሳይዞር።

ከዚያ «ማኅበር» የምትለዋ ቃል መጣችና ላብ አጠመቀችው። የትኛዋ ናት? መምህሩን ሄዶ ከመጠየቅ ሞቱን ይመርጣል። በግራ በኩል «ማህበር»፣ በቀኝ «ማሕበር»፣ ከኋላ «ማኅበር» ብሎ ጻፈ። አንዷ ትክክል መሆኗ አይቀርም።

የርክክቡ ቀን የሠርጉን ሙሉ ልብስ ለበሰ። ወልድያ ላይ ሪባን ተቆረጠ፣ ከካርቶን የተሠራ ትልቅ ቁልፍ ለእትዬ ረሂማ ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሣ። ለበዓሉ የመጡት ኃላፊ፣ «ይህ ተሽከርካሪ ኅብረተሰቡን በቅርበት ያገለገለ ነው» ብለው ተናገሩ። አበባው በሆዱ፣ «ቅርበቱን እኔን ጠይቁኝ» አለ። እትዬ ረሂማ መርሳ ያለውን ድግስ ሊያዩ በሚኒባስ ቀደሙ። አበባው ከረባቱን አስተካክሎ ወደ ጋቢናው ቢሄድ፣ ከሾፌሩ ጎን ኃላፊው፣ ከኃላፊው ጎን ኢንስፔክተር በላይ ተቀምጠዋል።

«አቶ አበባው፣ አንተ ከኋላ ሁን። አየሩ ይሻላል» አለ በላይ።

«እትዬ ረሂማ ጋቢናው ያንተ ነው ብለውኛል።»

«ማኅበሩ የሚረከበው መርሳ ሲደርስ ነው። እስከዚያ መኪናዋ የኛ ናት።»

«ቁልፉን ሰጣችሁ አይደል እንዴ?»

«እሱ ካርቶን ነው።»

አበባው ሊመለስ ነበር። ነገር ግን ኃላፊው ሲሪንቃ ላይ ጉዳይ አለኝ ሲሉ ሰማ። እሳቸው ሲወርዱ እገባለሁ ብሎ ተስፋ አደረገና ያችኑ የሚያውቃትን የብረት አግዳሚ ወጥቶ ተቀመጠባት። ሲሪንቃ ላይ ኃላፊው እውነትም ወረዱ። የማንጎ ችግኝ ይዘው ተመለሱና ችግኙን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ገቡ። አሥራ ምናምን ቅጠል ያላት ችግኝ ጋቢና ተቀመጠች፤ የመርሳን ግድግዳ ሁሉ የጻፈው ሰው ከኋላ። ለዕረፍት ወደ መርሳ የሚሄዱ ሁለት ፖሊሶችም ሊፍት ለመኑና ከነዩኒፎርማቸው ዘለው ወጡ። ቦታ ስለጠበበ አንዱ በግራው አንዱ በቀኙ ተቀመጡ።

«ጠጋ በል፣ ወንድሜ» አለው አንዱ፣ እንዳይወድቅ ብሎም ክንዱን ያዘው።

አበባው ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። «እባካችሁ አውርዱኝ» አለ። በነፋሱ ማንም አልሰማውም።

መርሳ ገበያው ግጥም ብሏል። ሾፌሩ መንገድ እንዲለቁለት፣ ልማድ ነውና ሳይረኑን ነካው። ገበያው ሁሉ ዞረ። አበባው ከነከረባቱ፣ በሁለት ፖሊስ መሃል፣ ክንዱን ተይዞ ታየ። ጎኗ ላይ የተጻፈውን ማን ያነባል? መርሳ መኪናዋን ነው የሚያውቃት።

«ያ ጀመዓ!» ብላ ጮኸች ናጅዋ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ። «አበባውን ደግሞ አነሱት!»

አበባው ዓይኑን ጨፈነ። አሁን «ድሮም ሌባ ነው» ሲሉ ሊሰማ ጆሮውን አቆመ። መኪናዋ ግን ቆመች። ዓይኑን ሲገልጥ ናጅዋ የሽንኩርት ጆንያዋን መንገዱ ላይ ጎትታ ዘግታለች፤ አብዱሰመድ ከነሜትሩ ከፊቷ ቆሟል።

«አሁን ደግሞ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አለ አብዱሰመድ። «ያኔ በከንቱ ጫናችሁት፤ አልበቃችሁም?»

«ሌባው ውርጌሳ መያዙን ማን ያጣዋል!» አለች ናጅዋ።

ባለ ሥጋ ቤቱ ከነቢላዋው ወጣ። «የበጌን ጆሮ ሳይጨርስልኝ የት ትወስዱታላችሁ?»

«ሙሉ ልብስ የለበሰ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ሲል አብዱሰመድ ሕዝቡን ጠየቀ።

«ብዙ!» አለ አንዱ ከመሃል፣ ወደ ጋቢናው እያየ። ገበያው ሳቀ፤ ግን ከመንገዱ አልተነሣም። ኃላፊው ችግኛቸውን ወደ እቅፋቸው ወሰዱ።

የሚዜ ድምፅ ማጉያ እስካሁን አልተነቀለም ነበር። ኢንስፔክተር በላይ አነሣው።

«ሕዝቡ ይረጋጋ። አቶ አበባው አልታሰረም። ምንም ወንጀል የለበትም።»

«ያኔስ?» ብላ ጮኸች ናጅዋ።

በላይ ማጉያውን ሊያስቀምጥ ሲል ኃላፊው በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

«ያኔም… ንጹሕ ነበር። ስሕተቱ የኛ ነው።»

ገበያው በእልልታ ቀለጠ። አበባው እነዚህን ቃላት ስንት ዓመት በሕልሙ ሰምቷቸዋል፤ በሕልሙ ሲሰማ ያለቅስ ነበር። አሁን ግን እንባው ሳይመጣ ሌላ ነገር ቀድሞ መጣበት።

«ናጅዋ፣ ታውቁ ነበር ማለት ነው?»

«ኸረ ማን የማያውቅ አለ?»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መቼ? ሰላም ስንልህ ፊትህን እያዞርክ!»

አበባው ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመው ቂም ባለቤት የሌለው ዕቃ ሆኖ እጁ ላይ ቀረ። እንዲሁ አልጣለውም፤ «እስከ ዛሬ አልነገሩኝም» የምትለዋን ትንሽ ቁራጭ ቆርሶ ለክፉ ቀን አስቀመጠ።

በላይ ወርዶ የጋቢናውን በር ከፈተለት። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ና፣ ግባ። መስኮቱም ክፍት ነው።»

አበባው ጋቢናውን አየ። ኃላፊው ከነችግኛቸው ለመውረድ ተነሥተው ጠብቀውታል። እሱ ግን አግዳሚው ላይ እግሩን አነባብሮ ከረባቱን ላላ አደረገ።

«ግዴለም፣ ከኋላ አየሩ ይሻላል» አለ። «ብቻ ኢንስፔክተር፣ እሷን ነገር አንዴ ይድገሟት። ላይኛው ገበያ አልተሰማም።»